ስለ ቧንቧ መቋረጥና ስለ ጣራ ውኃ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በኦሞ ናዳ ወረዳ የምትገኘው የአሰንዳቦ ከተማ የውኃ ድሃ ልትባል የማይገባት ናት፤ ዝናሙ በደቡብ ምዕራቡ አገራችን ከሌላው ክፍል ቀድሞ ጀምሮ ዘግይቶ የሚያባራ ከመሆኑም በላይ፣ በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ ያቆመው ሰው ሠራሽ ሐይቅ በአቅራቢያዋ ተንጣሎ ይገኛል። የዚህ ሐይቅ ውኃ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትን መዘውሮች ካዞረ በኋላ፣ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዋሻ ተጉዞ፣ በ2002 ዓ.ም. ለተመረቀው ለሁለተኛው ጣቢያ ዳግመኛ ያገለግላል። ይህን የሚያህል ውኃ በቅርብ እያለ፣ በአሰንዳቦም ሆነ በጎረቤቶቿ የቡና ከተሞች፣ በራሷ በጅማም ጭምር፣ የቤት እመቤት ቧንቧዋን ከፍታ ከነፋስ በቀር ምንም የማታገኝበት ቀን አለ። በባሕር ተከብቦ የሚጠጣውን የሚያጣ የደሴት ሰው ችግር በየብስ መካከል ደረሰባት ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የቧንቧን ውኃ ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተል ያስፈልጋል። ውኃው ከወንዝ ወይም ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ተስቦ፣ ከከተማው ከፍ ባለ ሥፍራ ወደ ተሠራ ማጠራቀሚያ ይወጣና ከዚያ በራሱ ክብደት ወደየቤቱ ይወርዳል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፑ ይቆማል፣ ማጠራቀሚያውም ይጎድላል፤ ለኃይል ማመንጫ ጎረቤት መሆንም ከዚህ አያድንም፣ ኃይሉ በከፍተኛ መስመር ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ሄዶ፣ ከዚያ ተከፋፍሎ ነውና የሚመለሰው። መብራቱ ቢኖር እንኳ፣ ለትንሽ ከተማ ታስቦ የተቀበረው ቀጭን ቧንቧ ከተማው በሰፋ ጊዜ ለሁሉ አይበቃም፤ ዝቅ ባለው ሠፈር ያለው ሰው ሲቀዳ፣ ከዳገቱ ላይ ያለው ግፊቱ እስኪበረታ ድረስ እኩለ ሌሊትን መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

የወራቱ መፈራረቅም የራሱን ችግር ያመጣል። በክረምት ጎርፉ ከየማሳው አፈር ይዞ ወደ ወንዝ ስለሚገባ፣ የደፈረሰውን ውኃ ለማጥራት ብዙ መድኃኒትና ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በበጋ ደግሞ ወንዙ ራሱ ይጎድላል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ የመፈልፈያና የማጠቢያ ጣቢያዎች ከየጅረቱ ብዙ ውኃ ወስደው፣ ገለፈቱን ያጠበውን ውኃ ሳያጣሩ መልሰው የሚለቁት እንደ ሆነ፣ በውስጡ ያለው ስኳርና ዝልግልግ ነገር ሲብላላ የወንዙን ኦክስጅን ጨርሶ ሽታ ያመጣል፣ በውኃው ውስጥ የሚኖሩትንም ነፍሳት ይገድላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይህን ደጋግመው መርምረው ጽፈውበታል። እኔም እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ አገሩን የሚያከብረው ቡና፣ ወንዙ በሚጎድልበት ወራት የወንዙ ጠላት መሆን አይገባውም ነበር፤ የዝቃጭ ማቆያ ጉድጓድ መቆፈርና ውኃውን አጣርቶ መልቀቅ ከባለ ጣቢያዎቹ አቅም በላይ አይደለምና።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ፣ መንግሥት ለከተሞች የውኃ መጠን ሲወስን፣ ነዋሪያቸው ከ20 ሺህ ላነሰ ትንንሽ ከተሞች በሰው በቀን 40 ሊትር፣ ጅማን ለሚያህሉት 80 ሊትር እንዲደርስ ብሎ ነበር። ልኩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ 40 ሊትር ማግኘትና በሳምንት አንድ ሌሊት 280 ሊትር ማግኘት በሒሳብ አንድ ሆኖ በኑሮ እጅግ ይለያያል። በየቀኑ የሚያገኘው ሰው ማጠራቀሚያ አያሻውም፤ በሳምንት አንዴ የሚያገኘው ግን በርሜል፣ ጀሪካን፣ ቢቻለውም ሮቶ መግዛት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲንኮሻኮሽ ነቅቶ መቅዳት፣ ያጣም እንደ ሆነ ከቦኖ ተሰልፎ ወይም ከባለ ጋሪ በውድ ዋጋ መግዛት አለበት። የዚህም ሸክም የሚወድቀው በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ነው፤ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ አምስት ሰው ላለበት ቤተሰብ ደግሞ ቢያንስ አምስት ጀሪካን በቀን ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት አርፍዳ የምትደርሰው ልጅ ሰነፍ ሆና ሳይሆን ይህንን ስትሸከም ቆይታ እንደ ሆነ መምህሯ ሊያውቅላት ይገባል።

ቧንቧ ሲቋረጥ ውኃው መጥፋት ብቻ ሳይሆን ይቆሽሻልም። ግፊት ያለበት ቧንቧ ቢሰነጠቅ ውኃው ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ከውጭ ምንም አያስገባም፤ ባዶ የሆነ ቧንቧ ግን በዚያው ስንጥቅ በኩል በዙሪያው ያለውን የረጠበ አፈር፣ ምናልባትም የመጸዳጃ ጉድጓድ እዥ፣ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ውኃው በተመለሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚወርደው የደፈረሰው ለወለልና ለመጸዳጃ ይሁን፤ ከዚያ ንጹሑ ይቀዳ። ለመጠጥ የሚሆነውን ማፍላት፣ ወይም ውኃ አጋር የተባለውን ፈሳሽ ክሎሪን በማሸጊያው ላይ በታዘዘው ልክ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይገባል፤ ማገዶ ያጠረው ቤትም ጥርት ያለውን ውኃ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጠራ ፀሐይ ስድስት ሰዓት፣ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ቢያሰጣው፣ ፀሐይ ራሷ ብዙውን ተሐዋስያን ትገድልለታለች።

አሁን ከላይ ወደ ጠቀስነው የደሴት ሰው ኑሮ እንሻገር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ቤርሙዳ የምትባል፣ 60 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ትንሽ አገር አለች። ወንዝ የላትም፣ የጣፈጠ ውኃ ያለበት ሐይቅ የላትም፤ በዙሪያዋ ያለው ባሕር ጨው ነው። ነገር ግን የቤርሙዳ ሰዎች ከጥንት ጀምረው እያንዳንዱን ቤት የራሱ ምንጭ አድርገውታል፤ ጣራቸው በደረጃ የተሠራና በነጭ ኖራ የተለቀለቀ ነው፣ ዝናሙ በዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ ከቤቱ ሥር ወደ ተገነባው ጉድጓድ ይገባል። ይህም ለባለቤቱ ፈቃድ የተተወ አይደለም፤ የጤና ሕጋቸው ከጣራው አምስት እጅ አራቱ ዝናም እንዲሰበስብ ያዝዛል። ዛሬ የባሕር ውኃ የሚያጣሩ ፋብሪካዎች ቢኖሯቸውም የጣራው ሥርዓት አልቀረም። በዚያች ደሴት በዓመት የሚዘንበው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጅማ የሚዘንበው ደግሞ 1,500 ሚሊ ሜትር ያህላል። ወንዝ የሌለው ሕዝብ የሚኖርበትን ያህል ዝናም እኛ በየጓሮው ወደ ቦይ እንለቀዋለን።

ሒሳቡ ቀላል ስለ ሆነ አንባቢ በራሱ ጣራ ላይ ሊሞክረው ይችላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ይህም በሐምሌ አንድ ከባድ ዝናም ሊያወርደው የሚችለው ነው፣ 1,200 ሊትር ይወርዳል፤ አምስተኛው እጅ ተረጭቶና ፈስሶ ቢቀር 960 ሊትር ይተርፋል፣ የአንድ ሺህ ሊትር ሮቶም ሊሞላ ምንም አይቀረው። አምስት ሰዎች በቀን ለየራሳቸው 20 ሊትር ቢጠቀሙ በሳምንት 700 ሊትር ነው። ስለዚህ ቧንቧው ሳምንት ሙሉ ቢቋረጥ ያ ቤት አይጨነቅም። ዓመቱን በሙሉ በጅማ ልክ የሚዘንበው ቢጠራቀም፣ አምስተኛው እጅ ቢቀርም እንኳ ከዚያችው ጣራ 48 ሺህ ሊትር ይገኛል።

እርግጥ ነው፣ በቤርሙዳ ዝናሙ በዓመቱ ወራት ሁሉ ተከፋፍሎ ይዘንባል፣ በእኛ አገር ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናሙ እጅግ ይቀንሳል። አራቱን ወር በጣራ ውኃ ብቻ ለማለፍ ለአምስት ሰው 12 ሺህ ሊትር ማጠራቀም ያስፈልጋል፤ ይህ ለአንድ ድሃ ቤት ከባድ ነው። እኔም የጣራ ውኃ ቧንቧን ይተካል አልልም። የምለው፣ በስምንቱ የዝናም ወራት የቧንቧውን ጉድለት ይሸፍናል፤ በእነዚያ ወራት ከቦኖ ሰልፍ የሚወጣው ሕዝብም ለሌላው ቦታ ይለቃል ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ግን አራቱም ወር ቢሆን አይከብድም፤ ጣራቸው ሰፊ ነው፣ ከሥሩ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ለመሥራትም የምእመናንና የወላጆች መዋጮ ይበቃል። ለጥምቀትም ሆነ ለሶላት ትጥበት ንጹሕ ውኃ የማይሻ የአምልኮ ቤት የለም። ዝናምን አቁሮ ማቆየትም ለአገራችን ባዕድ ጥበብ አይደለም፤ የአክሱም አባቶች ማይ ሹም የተባለውን ከዐለት የተወቀረ ማጠራቀሚያ ትተውልናል።

ሥራው በጥንቃቄ ይሁን። አሸንዳው ወደ መውረጃው ጥቂት ዘቅዘቅ ይበል፤ በበጋ የተጠራቀመውን አቧራና የወፍ ኩስ የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናም ወደ ሮቶው ሳይገባ ይፍሰስ፤ ሣር ክዳን ለዚህ አይሆንም። ከሁሉም በላይ ማጠራቀሚያው ይከደን፣ አፉም በወንፊት ጨርቅ ይታሰር። የአሰንዳቦ ሰው ስለ ትንኝ ምክር የሚፈልግ አይደለም፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግልገል ጊቤ የምርምር ማዕከል በሐይቁ ዙሪያ ስለ ወባ ብዙ ጥናት አካሂዷልና። ነገር ግን የወባዋ ትንኝ በየኩሬው ስትራባ፣ ሌላዋ፣ በቀን የምትናከሰው፣ ክዳን የሌለውን በርሜል ትወዳለች፤ በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለው ትኩሳት ሕዝቡን ያስጨነቀው በዚህችው ትንኝ ነው።

የከተማው አስተዳደር የሕንፃ ፈቃድ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ከጣራው ጋር አሸንዳና ማጠራቀሚያ እንዲኖር ቢደነግግ መንግሥትን የሚያስወጣው ገንዘብ የለም፤ የብድርና ቁጠባ ማኅበራትም ለሮቶ መግዣ አነስተኛ ብድር ቢፈቅዱ ገንዘባቸው አይጠፋም፣ ባለዕዳው ለባለ ጋሪ የሚከፍለውን በማዳን ይመልሰዋልና። የውኃ አገልግሎቱም በበኩሉ ፈረቃውን አስቀድሞ ለሕዝብ ያስታውቅ፣ ያስታወቀውንም ቀን ይጠብቅ። የቤት ባለቤት ሆይ፣ የበልጉ ዝናም ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚመጣ፣ አሸንዳህን በጥርና በየካቲት አሠራ።