ከለንደን ሮም በቀጥታ፦ ርካሽ ትኬት ከየት ይመጣል?

ከለንደን ስታንስቴድ ማለዳ የተነሣ የራያንኤር አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በርሮ ሮም ቻምፒኖ ሲያርፍ፣ መሬት ላይ እንዲቆይ የሚታሰበው 25 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ መንገደኞች በፊትና በኋላ በር ይወርዳሉ፣ ሻንጣ ይራገፋል፣ በወንበሮች መካከል የወደቀው ይለቀማል፣ ወደ ለንደን ተመላሾች ይሳፈራሉ። ወንበሮቹ ወደ ኋላ አይለጠጡም። ጀርባቸው ላይ ዕቃ መክተቻ ኪስ የለም፤ የአደጋ ጊዜ መመሪያው እዚያው ላይ ተለጥፏል። ለመንገደኛው ስስት ሊመስለው ይችላል። ኪስ ከሌለ ግን የሚጸዳ ኪስ የለም፤ ጽዳቱ ሲያጥር አውሮፕላኑ ቶሎ ይነሣል፤ ቶሎ የሚነሣ አውሮፕላን በቀን አንድ ምልልስ ይጨምራል። የርካሹ ትኬት ምንጭ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ አሠራር ድሮ አይታሰብም ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለት የአውሮፓ አገሮች መካከል ማን እንደሚበር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር፣ ብዙውን ጊዜም በስንት እንደሚሸጥ መንግሥታት ይዋዋሉ ነበር። የለንደንና የሮም መስመርም በዋናነት የብሪቲሽ ኤርዌይስና የአሊታሊያ ነበር። በ1986 ራያንኤር ከደብሊን ወደ ለንደን ሉተን ሲጀምር፣ ነባሮቹ ከሚያስከፍሉት ዝቅተኛ ዋጋ ግማሽ በማይሞላ ሸጠ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 የአውሮፓ የአየር ገበያ ሲከፈት በአባል አገሮች መካከል ዋጋ መወሰን ለአየር መንገዶቹ ተተወ። በ1995 መጨረሻ ኢዚጄት ከሉተን ወደ ስኮትላንድ በ29 ፓውንድ መብረር ጀመረ፤ ዊዝ ኤር በ2004 ተከተለ። ሮም የሚኖር ሰው ለንደን ላለችው እኅቱ ልጅ ክርስትና ቅዳሜ ሄዶ ሰኞ ሥራው ላይ መገኘት የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው። ለእኔ የርካሽ በረራ ትልቁ ፍሬ ይህ ነው፤ የተበተነ ቤተሰብ ዓመት ሳይጠብቅ ይገናኛል።

ዋጋው ታዲያ ለምን በየሰዓቱ ይለዋወጣል? በአንድ አውሮፕላን ላይ ያሉት ወንበሮች፣ በቦይንግ 737-800 ለምሳሌ 189 ናቸው፣ በእርከን ተከፋፍለው ይሸጣሉ። ጥቂቶቹ በዝቅተኛ ዋጋ ይወጣሉ፤ እነሱ ሲያልቁ ቀጣዩ እርከን ይከፈታል። አትክልት ተራ ያለ ነጋዴ ቲማቲሙ እንዳይበላሽበት ሲመሽ ዋጋ ይቀንሳል፤ አየር መንገድ ግን ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይጨምራል። በመጨረሻው ሳምንት የሚገዛ ሰው መሄድ ግዴታው እንደሆነ አየር መንገዱ ያውቃልና። ሒሳቡ የተሠራው ለስብሰባ የሚጣደፈውን ነጋዴ አስቦ ነው፤ ነገር ግን ለቅሶ ለመድረስ የሚጣደፈውም በዚያው ዋጋ ይመታል። በማኅበረሰባችን የአንድ ቀን መርዶ ብዙ ሰው ያስነሣልና ይህ ጉዳት ቀላል አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠቅመው አንድ በረራ ላይ አለመንጠልጠል ነው። ለንደን ስድስት፣ ሮም ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው፤ ከስታንስቴድ የሚነሣው ቢወደድ ከጋትዊክ ወይም ከሉተን የሚነሣው ሊሻል ይችላል። ርካሾቹ አየር መንገዶች እያንዳንዱን ጉዞ ለብቻው ስለሚሸጡም በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ቅጣት የለውም።

እርከኑን ያወቀ ሰው ሌላም ነገር ይጠቀማል። ለአራት ሰው ትኬት ሲፈለግ፣ በዝቅተኛው እርከን የቀሩት ሁለት ወንበሮች ብቻ ከሆኑ ሥርዓቱ አራቱንም ወደ ላይኛው ዋጋ ሊወስዳቸው ይችላል። መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ቀጥሎ ለሁለት መፈለግ ልዩነቱን ያሳያል። ለፍለጋው ስካይስካነርና ጉግል ፍላይትስ ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም የወሩን ዋጋ በቀን በቀን ዘርግተው ያሳያሉ፤ ትራንዚት ያለባቸውንም ከዝርዝሩ ማስወጣት ያስችላሉ። ሲገዙ ግን ከአየር መንገዱ በቀጥታ መግዛት እመርጣለሁ። በረራ ሲሰረዝ ወይም ስም ሲታረም በመሐል ሌላ ሻጭ ካለ ነገሩ ይንዛዛል።

ከሁሉም በላይ ዋጋን የሚያንቀሳቅሰው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ በዚህ በኩል የእኛ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ዕድል አለው። የአየር መንገዶቹ ዋጋ የሚከተለው የምዕራቡን ፋሲካ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍትንና ኦገስትን ነው። የእኛ ፋሲካ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ይውላል። በ2024 የእነሱ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ነበር፤ አምስት ሳምንት ልዩነት። በዚያ ዓመት ግን ከትንሣኤ ማግስት ያለው ሰኞ በእንግሊዝ የሕዝብ በዓል ስለነበር፣ ሰኞ ማታ መመለስን ብዙ እንግሊዛዊም ይፈልገው ነበር፤ ማክሰኞ ማለዳ የሚመለስ ይሻለው ነበር። በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች አንድ ቀን ላይ ስለዋሉ ዕድሉ አልነበረም። ገናም ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣል። ጃንዋሪ 6 በጣሊያን በዓል ነው፤ ከዚያ በኋላ ለንደን የሚሠሩ ጣሊያናውያን ይመለሳሉ። ስለዚህ በጃንዋሪ 7 አካባቢ ከለንደን ወደ ሮም የሚሄደው መቀመጫ ከሚመለሰው ይልቅ በቀላሉ የሚገኝ ነው።

የትኬቱ ዋጋ የጉዞው ዋጋ አይደለም። በ2024 ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ በኢኮኖሚ የሚበር አዋቂ 13 ፓውንድ የመንግሥት ቀረጥ ነበረበት፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ነፃ ናቸው። ትኬት በ15 ፓውንድ ሲሸጥ ከቀረጡ የሚተርፈው ሁለት ፓውንድ ነበር ማለት ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ሻንጣ፣ የወንበር ምርጫና በአየር ላይ የሚሸጠው ምግብ ነው፤ ከራያንኤር ገቢ ሲሶ ያህሉ ከእነዚህ ይገኛል። በነፃ የሚፈቀደው በወንበር ሥር የሚገባ ቦርሳ ነው፤ በራያንኤርና በዊዝ ኤር 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር። ትልቅ ሻንጣ ያለው ትኬቱን ሲቆርጥ አብሮ ይክፈል፤ በር ላይ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከትኬቱ ይበልጣል። ከሮም ወደ ለንደን ቅቤ ወይም ቋንጣ ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ደግሞ፣ እንግሊዝ በኤፕሪል 2025 ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት በግል ይዞ መግባትን እንደከለከለች ይወቅ።

ወደ ማረፊያው መድረስም ሒሳብ አለው። ከሌላው የሮም አውሮፕላን ማረፊያ ከፊዩሚቺኖ ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ የሚሄደው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ 14 ዩሮ ነው። ቻምፒኖ ለከተማው ይቀርባል፤ ግን ወደ መሐል ከተማ የሚገባው ብዙ ሰው በአውቶቡስ ነው። በለንደን በኩል ለማለዳ በረራ ስታንስቴድ የሚሄድ ሰው ሌሊት ተነሥቶ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይፈልጋል። በትኬቱ ላይ የተቆጠበው ሃያ ፓውንድ እዚያው ያልቃል።

አንዳንድ ጊዜ በሌላ ከተማ በኩል የሚሄድ፣ በሁለት የተለያዩ ትኬቶች የተገጣጠመ ጉዞ ይረክሳል። ይህን አልመክርም። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ደግሞ ሻንጣውን ተቀብሎ እንደገና ለመግባት ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። በቀጥታውም ቢሆን እንግሊዝ ከሸንገን ውጭ ናት። የጣሊያን መኖሪያ ፈቃድ ለንደን አያስገባም፤ የእንግሊዝ መኖሪያም ሮም አያስገባም። በራያንኤር የሚበር የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለው መንገደኛ ቦርዲንግ ፓሱን በስልኩ ቢይዝም ወደ ፍተሻ ከመግባቱ በፊት በአየር መንገዱ ጠረጴዛ ሰነዱን ማስመርመር አለበት፤ ይህን ረስተው ከበር የሚመለሱ አሉ።

የቀጥታ በረራ በሕግም የተጠበቀ ነው። ከለንደን ሮም ያለው ርቀት ከ1,500 ኪሎ ሜትር ያንሳል፤ በአየር መንገዱ ጥፋት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ መንገደኛ ከሮም ከተነሣ 250 ዩሮ፣ ከለንደን ከተነሣ 220 ፓውንድ ካሣ ይገባዋል። ክፉ የአየር ጠባይ አየር መንገዶቹን ከካሣው ነፃ ያደርጋቸዋል፤ ምግብና፣ ማደር ካስፈለገም ማደሪያ ግን ያኔም ማቅረብ አለባቸው። ካሣው የሚሰላው በርቀቱ ስለሆነ በ15 ፓውንድ የገዛውም በ200 የገዛውም እኩል ይቀበላሉ፤ ቫውቸር አልፈልግም፣ ገንዘቡ ይሰጠኝ ማለትም መብቱ ነው።