ከሩቅ ለሚገባ እንግዳ የኮምፒዩተርን ጓዳ ስለ መዝጋት

ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም. በዳባት ወረዳ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚከታተል የጥናት ጣቢያ አቋቁሟል። እንዲህ ያለ መዝገብ በያዘ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ፕሮግራም ተበላሸ፤ ባለሙያው ደግሞ ጎንደር ነው እንበል። ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም በሌላ ቦታ ያለን ኮምፒዩተር በኔትወርክ አማካይነት ከሩቅ ማዘዝ፣ የመንገዱን ድካም ያስቀራል። ነገር ግን ፕሮግራም ሊጠግን የገባ ሰው በየትኛው ቤት ማን እንደ ሞተ ማንበብ ይገባዋልን? ለእንግዳ ቤት ስለ ተከፈተለት ጓዳውም ይከፈትለታል ማለት አይደለም።

አሠራሩን እንመልከት። ከአስተናጋጁ ኮምፒዩተር ወደ እንግዳው የሚሄደው በዋናነት የስክሪኑ ምስል ነው፤ ከእንግዳው የሚመጣው ደግሞ የኪቦርድና የማውስ ምልክት ነው። ትእዛዙ የሚፈጸመው በአስተናጋጁ ላይ ስለሆነ ገደቡም መቀመጥ ያለበት እዚያው ነው። በእንግዳው ኮምፒዩተር ላይ የተደረገን ገደብ እንግዳው ራሱ ሊያነሣው ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የአድሚኒስትሬተሩን የይለፍ ቃል ሰጥተው የፎልደሩን ምልክት ከስክሪኑ ይደብቃሉ። መደበቅ ግን መቆለፍ አይደለም፤ የፎልደሩን አድራሻ የሚያውቅ ሰው ጽፎ ይከፍተዋል። ፈቃዱን ቢነፍጉትም፣ አድሚኒስትሬተር የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ራሱ አዙሮ የተነፈገውን መልሶ ለራሱ መስጠት ይችላል። ስለዚህ በዊንዶውስ ላይ ለእንግዳው ተራ አካውንት ይከፈትለታል፤ አካውንቱም ከሩቅ እንዲገቡ በተፈቀደላቸው ተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ይመዘገባል፤ በመዝገቡ ፎልደር ላይ ግን የማንበብ ፈቃድ እንዳይኖረው ይደረጋል። ማንኛውም ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይኑረው የሚለውን መርሕ ሳልትዘርና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ አስፍረውታል።

የጎን በሮችም አሉ። ክሊፕቦርድና ዲስክ በግንኙነቱ አማካይነት ሊጋሩ ስለሚችሉ፣ ዳባት ላይ ኮፒ የተደረገ ፋይል ወዲያው ጎንደር ይደርሳል። በአስተናጋጁ ግሩፕ ፖሊሲ ሁለቱንም መከልከል ይቻላል።

ጥገናው የግድ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን የሚጠይቅ ከሆነስ? በእኔ አስተያየት የሚሻለው እንግዳው እንዲያይ ብቻ መፍቀድ ነው። ቪኤንሲን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ለዚህ የሚሆን ምርጫ አላቸው፤ አስተናጋጁ ከእንግዳው የሚመጣውን የኪቦርድና የማውስ ምልክት ሳይቀበል ይጥለዋል። ባለሙያው ስክሪኑን እያየ በስልክ «ይህን ተጫን» ይላል፤ የሚጫነው ዳባት ያለው ሠራተኛ ነው። ሥራው መርዘሙ፣ ስልኩም መቆራረጡ አይቀርም፤ ሥልጣኑ ግን ከሠራተኛው እጅ አይወጣም።

ማየትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። በስክሪን ላይ የታየን ስም በሞባይል ፎቶ ማንሣትን የሚከለክል ፖሊሲ የለም። ስለዚህ ሠራተኛው ግንኙነቱን ከመክፈቱ በፊት መዝገቡን ይዘጋል፤ የነዋሪዎቹም ስም ከመለያ ቁጥራቸው ተነጥሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል።