የድረ ገጹ ስም በማን ስም ተመዘገበ?

በአዲስ አበባ ገበያ ዕቃውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ብቻ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ፎቶግራፍ ለጥፎና ስልክ ቁጥር አስቀምጦ ደንበኛ መጠበቅ የሱቅ ኪራይ ከመክፈል ይቀላልና አያስወቅሰውም። ይሁንና በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ወር፣ ማለትም ለአምስት ወራት ያህል ሲቆዩ፣ ሌላ አድራሻ ያልነበረው ነጋዴ ቪፒኤን መጠቀም ከማያውቀው ደንበኛው ጋር ተቆራርጦ ከርሟል። የራስ ድረ ገጽ ጥቅሙ የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። እርግጥ ኢንተርኔቱ እንደ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ጭራሹን ሲቋረጥ ድረ ገጽም ለአገር ውስጥ ደንበኛ አይደርስም።

ድረ ገጽ ለማሠራት የተነሣ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቀለሙና ስለ ፎቶው ነው። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ድረ ገጽ ማለት ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛው ስሙ፣ በሙያው ቋንቋ ዶሜይን የሚባለው ነው። ሁለተኛው ጽሑፉና ፎቶው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ማለትም በኪራይ የሚገኝ የኮምፒዩተር ማከማቻ ሲሆን ሆስቲንግ ይሉታል። ሦስተኛው ደንበኛው የሚያነበው ይዘት ነው። ማከማቻው ካላስደሰተ ወደ ሌላ አከራይ ይዛወራል፤ ይዘቱም በአንድ ሳምንት እንደ አዲስ ሊጻፍ ይችላል። ስሙ ከእጅ ከወጣ ግን በቢዝነስ ካርዱ፣ በደረሰኙና በመኪናው ላይ የታተመው አድራሻ ሁሉ ወደ ሌላ ሰው በር ይመራል።

ስም ይገዛል ሲባል ይሰማል እንጂ በእርግጥ የሚከራይ ነው። በዶት ኮም የሚያልቅ ስም ለአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በአንድ ጊዜ ለ10 ዓመት ይመዘገባል፤ ከዚያ ይታደሳል። አሠራሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዶት ኮም ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ መዝጋቢ ድርጅቶች ደግሞ ቸርቻሪዎች ናቸው። የጅምላው ዋጋ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. በዓመት ወደ 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ከፍ ተደርጓል። ቸርቻሪው ትርፉን ይጨምርበታል፤ ማንም ላልያዘው ተራ ስም በዓመት 100 ዶላር የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ግን ትርፉ የቸርቻሪ ትርፍ አይደለም። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የኢትዮጵያ ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከክፍያው ላይ ነው። የውጭ መዝጋቢዎች የሚቀበሉት በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ስለሆነና ብዙ ነጋዴ እንዲህ ያለ ካርድ ስለሌለው፣ የሚከፍልለት ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ወይም ዋሽንግተንና ዱባይ ያለ ዘመድ ይሆናል። የከፈለው ሰው በራሱ ኢ-ሜይልና በራሱ የይለፍ ቃል ይመዘግባል። በዚህ ጊዜ ተንኮል ላይኖር ይችላል፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ የለም። ነገር ግን መዝጋቢው ድርጅት የሚያውቀው ባለቤት ነጋዴው ሳይሆን ያ ሰው ነው። ባለሙያው ሥራ ቢለውጥ፣ አገር ቢለቅ ወይም በክፍያ ቢጣሉ፣ ነጋዴው የገዛ ስሙን ማደስም ማዛወርም አይችልም። የንግድ ፈቃድ ይዞ ቢሄድም ጉዳዩ ረጅም ክርክር ይጠይቃል።

የዕድሳቱን ቀን መርሳት ከትልቅ ኩባንያም የማይቀር ነው። በታኅሣሥ 1999 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት የሆትሜይል ደንበኞች የሚገቡበትን የፓስፖርት ዶት ኮም ስም ሳያድስ ቀርቶ፣ ብዙ ሰው ኢ-ሜይሉን መክፈት አቅቶት ነበር። ዕዳውን፣ 35 ዶላር፣ ከገና በዓል ላይ ከኪሱ የከፈለው የኩባንያው ሠራተኛ ያልሆነ አንድ ፕሮግራመር ነው። ትንሹ ነጋዴ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ላያገኝ ይችላል። የዶት ኮም ስም ጊዜው ሲያልፍ መዝጋቢው ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዱም እስከ 45 ቀን ይታገሣል። ከዚያ ከሰረዘው በኋላ ለ30 ቀናት ከፍ ባለ ተጨማሪ ክፍያ ማስመለስ ይቻላል። ይህም ካለፈ ከ5 ቀናት በኋላ ስሙ ለቀደመ ሁሉ ክፍት ነው። የሚጠብቁትም አሉ፤ ያለቀባቸውን ስሞች እየለቀሙ መልሶ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል።

ስለ ይዘቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስልክ፣ ሱቁ የሚገኝበት ቦታ ከታወቀ ምልክት ጋር፣ የሥራ ሰዓት። ዋጋ የሚጽፍ ሰው ቀኑን አብሮ ይጻፍ፤ የአርማታ ብረት ዋጋ በሚለዋወጥበት ገበያ ቀን የሌለው ዋጋ ከደንበኛ ጋር ያጣላል። የአማርኛውን ጽሑፍ በፎቶ መልክ የሚለጥፉ አሉ፤ የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ይህ ምክንያት የለውም፤ በፊደል የተተየበውን ጎግል በቀላሉ ፈልጎ ያገኘዋል። በስሙ የተከፈተ ኢ-ሜይልም ከውጭ አቅራቢ ጋር ሲጻጻፉ ከጂሜይል የተሻለ አመኔታ ያስገኛል፤ ያም ኢ-ሜይል ግን ከስሙ ጋር አብሮ የሚጠፋ መሆኑን ማወቅ ይበጃል።

ስለዚህ ከባለሙያው ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ ስሙ በድርጅቱ ስምና በባለቤቱ ኢ-ሜይል እንደሚመዘገብ፣ ሥራው ሲያልቅም የመዝጋቢውና የማከማቻው የይለፍ ቃሎች እንደሚረከቡ መጻፍ አለበት። ለመመዝገቢያው የሚውለው ኢ-ሜይል በዚያው ስም የተከፈተው መሆን የለበትም፤ ስሙ ቢቋረጥ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤም አይደርስምና። ቀድሞ ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ ደግሞ የስሙን ማብቂያ ቀንና መዝጋቢውን የዓለም አቀፉ የስሞች አስተዳዳሪ አይካን በኢንተርኔት ባዘጋጀው መፈለጊያ ማየት ይችላል። የባለቤቱ ስም ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ወዲህ በአብዛኛው ተሸፍኖ ነው የሚታየው። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ባለሙያውን ሳይጠራ፣ በራሱ ኢ-ሜይልና በራሱ የይለፍ ቃል ወደ መዝጋቢው ሒሳብ ገብቶ ስሙን እዚያ ማግኘት አለማግኘቱን ይሞክር።