ስለ ዒላማ ሽጉጥ

ሽጉጥ ለቅርብ ጠብ የተሠራ መሣሪያ ነው። አፈሙዙ አጭር፥ ሰደፍ የሌለው፥ ትከሻና ጉንጭ የማይደግፉት ስለ ኾነ፥ ሩቅ ይመታል ብሎ የሚተማመንበት ሰው ጥቂት ነው፤ የጦር አዛዦችም ለመኰንን የሚያስታጥቁት ለማዕርጉ ምልክትና ለጭንቅ ጊዜ እንጂ የጠላትን ሰልፍ ይገታበታል ብለው አይደለም። ይህን እያወቀ ከካምፕ ፔሪ የተኩስ ሜዳ የደረሰ እንግዳ ግን፥ ሽማግሌው ከጐልማሳው፥ ሴቲቱ ከወንዱ ጐን በረድፍ ቆመው፥ አንዱን እጃቸውን ብቻ ወደ ፊት ዘርግተው፥ ሌላውን በኪሳቸው ከተው ወይም በመታጠቂያቸው ላይ አሳርፈው፥ በ50 ያርድ ማለት ከ45 ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ የተሰቀለውን ወረቀት፥ እርሱንም የትም ሳይኾን ከመካከሉ፥ 85 ሚሊሜትር ከሚኾነው፥ ከአራት ጣት ብዙም ከማይሰፋው ክበብ ውስጥ ደጋግመው ሲመቱ ባየ ጊዜ፥ ስለ ሽጉጥ የነበረውን ዐሳብ እንደገና ለመመርመር ይገደዳል።

ካምፕ ፔሪ በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ በኤሪ ሐይቅ ዳር የሚገኝ የጦር ሰፈር ሲኾን፥ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ የተኩስ ውድድር መዲና ኾኖ የኖረ ስፍራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንና የኢጣሊያ ምርኮኞች ተግዘውበት ነበር፤ እኛን በግፍ ከወረረው ሠራዊት የተማረኩት በዚያ በቀዝቃዛ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ምን ያስቡ እንደ ነበር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለጥቂት ጊዜ ቢያሰላስል አይፈረድበትም። ዛሬ ግን በሜዳው ላይ የሚፈራው ጠላት ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ነው፤ የተዘረጋን ክንድ እንደ ልቡ ያወዛውዛልና።

በዚያ አገር «ቡልዝአይ» የሚሉት የዚህ ጨዋታ ሥርዐት እንዲህ ነው። ተወዳዳሪው በመጀመሪያ በትንሿ በ.22 ካሊበር፥ ቀጥሎ ካፕሱሏ በቀለሁ ቂጥ መካከል በተተከለባት ከዚያች በምትበልጥ ጥይት፥ በመጨረሻም በ.45 ካሊበር፥ በእያንዳንዱ 90 ጊዜ ይተኩሳል፤ ጠቅላላው 270 ጥይት ይኾናል፤ እያንዳንዷም ቢበዛ ዐሥር ነጥብ ስለምታስገኝ ፍጹሙ ውጤት 2700 ነው። ከተኩሱም አንዳንዱ በዝግታ፥ ዐሥር ጥይት በዐሥር ደቂቃ በ50 ያርድ፥ አንዳንዱ በ25 ያርድ አምስት ጥይት በ20 ሴኮንድ፥ የቀረውም አምስት ጥይት በ10 ሴኮንድ ብቻ ይፈጸማል። በዝግታው ጊዜ ሰውን የሚያስቸግረው ራሱ ሐሳቡ ነው፤ በፍጥነቱ ጊዜ ደግሞ ርግጫው፥ ይኸውም ሽጉጡ ከተተኰሰ በኋላ ወደ ላይ ዘሎ እስኪመለስ ድረስ የሚፈጀው ቅጽበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርሸል አንደርሰን የተባለው የአሜሪካ ጦር ወታደር 2680 ነጥብ አግኝቷል፤ ከ270 ተኩስ ሃያ ነጥብ ብቻ መጣል ማለት ምን እንደ ኾነ የሚገባው አንድ ጊዜ ክንዱን ዘርግቶ የሞከረ ሰው ነው።

ይህን ማድረግ የሚያስችለው የእጅ አለመንቀጥቀጥ ይመስለናል፤ ነገር ግን አይደለም። ሕያው ክንድ ፈጽሞ ሊቆም አይችልም፤ ልብ ሲመታ፥ ደም ሲዘዋወር፥ ጡንቻ ሲደክም ይንቀሳቀሳል፤ የታላላቆቹም ተኳሾች እጅ ይንቀሳቀሳል። ምሥጢሩ ያለው እንቅስቃሴ ሁለት ዐይነት በመኾኑ ላይ ነው። ክንዱ ከሽጉጡ ጋር ባንድነት አንድ ሴንቲሜትር ወደ ጐን ቢያዘነብልና የፊተኛውና የኋለኛው ማነጣጠሪያ እርስ በርሳቸው እንደ ተስተካከሉ ቢቈዩ፥ አረሩም በወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ይስታል። የእጅ አንጓ ግን በጥቂቱ ዞሮ፥ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከኋለኛው ስንጥቅ መካከል አንዲት ሚሊሜትር ብቻ ፈቀቅ ቢል፥ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርዝመት 20 ሴንቲሜትር በኾነ ሽጉጥ፥ በ50 ያርድ ላይ ያቺ ሚሊሜትር ከ22 ሴንቲሜትር በላይ ኾና ትገኛለች፤ ተኳሹም የዐሥር ነጥቡን ክበብ ብቻ ሳይኾን በዙሪያው ያለውን ጥቁር ክብ በሙሉ ሊስት ይችላል። ስለዚህ መምህራን ለደቀ መዛሙርታቸው አስቀድመው የሚያስተምሩት፥ ዒላማው ደብዝዞ እንዲታይ ትተው ዐይናቸውን በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ እንዲተክሉ ነው። የሰው ዐይን ቅርቡንና ሩቁን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት ስለማይችል ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ሊመታው የሚሻውን ነገር አለማየት ግን ለጀማሪ ሁሉ ከባድ ሃይማኖት ነው። በዚህ ዘመን ብዙዎች በማነጣጠሪያው ፈንታ ቀይ የብርሃን ነጥብ የምታሳይ መነጽር በሽጉጡ ላይ ይሰካሉ፤ ለደከመ ዐይን ታላቅ ምሕረት መኾኗን አልክድም፤ ኾኖም ነጥቧ የክንድን ውዝዋዜ ሁሉ ስለምታጋልጥ፥ ጀማሪው ነጥቧን ለማቆም ሲታገል ምላጩን መሳቡን ይረሳል።

የጥበቡ ሁለተኛ ክፍል ይኸው ምላጭ ነው። እጅ እየተወዛወዘ ሳለ «አሁን ደረሰልኝ» ብሎ ምላጩን የሚነጥቅ ሰው፥ በዚያች በመንጠቁ ቅጽበት አንጓውን ያዞራልና፥ ያ የተፈራው ሚሊሜትር ይመጣበታል። ልማድ ያለው ተኳሽ ውዝዋዜውን እንደ ፍጥረት ሕግ ተቀብሎ፥ ግፊቱን ሳያቋርጥ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ተኩሱም ለራሱ ለተኳሹ እንኳ ሳይታወቀው ድንገት ይመጣል። ይህን ለመልመድ ጥይት ማባከን አያሻም፤ ባዶነቱን ደግሞ ደጋግሞ ያረጋገጠውን ሽጉጥ ይዞ ከነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ፥ ምላጩ ሲለቅ ማነጣጠሪያው አለመነቅነቁን ማየት ብቻ ነው። ይህ ልማድ በልቡና እንጂ በእጅ ጅማት የማይቀመጥ መኾኑን ካሮሊ ታካች የተባለው የሃንጋሪ ወታደር አስመስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1938 በልምምድ ላይ ሳለ ቦምብ በእጁ ፈንድቶ ቀኝ እጁን አበላሸበት፤ እርሱ ግን ማንም ሳያውቅበት ግራ እጁን አሠልጥኖ በተከታዩ ዓመት የአገሩ ሻምፒዮን ኾነ፤ በ1948 በለንደን፥ በ1952 ደግሞ በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በ25 ሜትር የፈጣን ተኩስ የወርቅ ሜዳይ ተቀበለ።

እንግዲህ አዲስ ሽጉጥ ለመምረጥ የተነሣ ሰው ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይገባዋል፤ የሚሄዱት አብዛኞቹ ግን የማዕድኑን መወልወልና የስሙን ዝና አይተው ይገዛሉ። የመጀመሪያው ሽጉጥ ያለ ክርክር .22 መኾን አለበት። ጥይቷ ርካሽ፥ ርግጫዋ ኢምንት ነው፤ ይልቁንም ርግጫ ስለሌላት የተኳሹን ስሕተት አትሸፍንለትም፤ በትልቁ ሽጉጥ «ዘለለብኝ» ብሎ የሚያመካኘው ኹሉ በትንሿ ፊት ምክንያት ያጣል። ዊልያም ሩገር እ.ኤ.አ. በ1949 በ37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለገበያ ያቀረባት .22 ሽጉጥ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት፤ የእርሷ ትውልድ ዛሬም ከጀማሪ እጅ አይጠፋም። ከፍ ያለ ገንዘብ ያለው የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ሞዴል 41 ወይም የኢጣሊያውን ፓርዲኒ ይመለከታል። ያም ኾነ ይህ፥ ሽጉጡን በእጁ ሲጨብጠው እጀታው ያለ ትግል ከመዳፉ ጋር መግጠሙን፥ ዐይኑን ጨፍኖ ክንዱን አንሥቶ ሲገልጠው ማነጣጠሪያዎቹ ሳያስተካክላቸው ተስተካክለው መገኘታቸውን ይመርምር። ምላጩንም ይሳብ፤ ሳይጐረብጥ፥ እንደ መስተዋት ስብራት በአንድ ጊዜ የሚለቅ መኾን አለበት። በውድድሩ ሕግ የ.22 ምላጭ ቢያንስ ሁለት ፓውንድ፥ የ.45 ደግሞ ሦስት ፓውንድ ተኩል ክብደት ማንሣት ስለሚገባው፥ ከዚያ ያነሰ ምላጭ ያለው ሽጉጥ ምንም ቢጥም ከመስመሩ ያስወጣዋል።

ሁለተኛው ሽጉጥ .45 ነው። ሕጉ ይህንኑ በሁለተኛውም በሦስተኛውም መደብ እንዲተኰስበት ስለሚፈቅድ፥ ብዙ ሰው በሁለት ሽጉጥ ብቻ ዕድሜውን ሙሉ ይወዳደራል። ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ሽጉጥ ለጦር ሜዳ ጭቃ ተብሎ ልል ኾኖ የተሠራ ነበር፤ የዒላማ ባለሙያዎች ግን አፈሙዙንና ተንሸራታቹን አካል በሞረድ እያጠበቁ፥ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን መሣሪያ ከዘመኑ አዲስ ሽጉጥ ጋር እኩል አስቆሙት።

ለወታደር የሚታደለው የ.45 ጥይት አረሩ 15 ግራም ያህል የሚከብድ፥ ርግጫውም አምስት ጥይት በዐሥር ሴኮንድ ለሚተኩስ ሰው የበዛ ነው። ጥይትን በቤት የመሙላት ጥበብ በዚህ ውድድር ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው። ርካሽነቱም አንድ ነገር ነው፤ ነሐስ ቀለህ ከጥይቱ ዋጋ ብዙውን ድርሻ ይዞ ሳለ አንዴ ተኵሶ መጣሉ ያሳዝናል። ባገራችንም በዐፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ስለ ነበረ፥ ቀለህን ማክበር ለአያቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ዋናው ግን ባለሙያው ራሱ ሲሞላ 12 ወይም 13 ግራም የሚመዝን ቀለል ያለ አረር በዝግተኛ ፍጥነት መስደድ መቻሉ፥ ከሁሉም በላይ የመጀመሪያዋንና የመቶኛዋን ጥይት አንድ ዐይነት ማድረጉ ነው። ኀይል የሚፈልግ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል።

ሥራውም እንዲህ ይካሄዳል። የተተኰሰ ቀለህ በእሳቱ ግፊት ሰፍቶ ስለሚገኝ በመጭመቂያ ወደ ቀድሞ ልኩ ይጠባል፤ የተቃጠለችው ካፕሱል ከቂጡ ተገፍታ ትወጣና አዲስ ትተከላለች፤ አፉ በጥቂቱ ይከፈታል፤ ባሩዱ ተሰፍሮ ይገባል፤ አረሩ ተቀምጦ አፉ በዙሪያው መልሶ ይጨበጣል። የሽጉጡ ሞላ ለወታደሩ ጥይት የተበጀ ከኾነ፥ ለቀለለው ጥይት ስለሚጠነክርበት ተንሸራታቹ አካል ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ሽጉጡም ባዶውን ቀለህ ነክሶ ይቆማል፤ ስለዚህ ሞላውን በለዘበ ሞላ መለወጥ ከሙያው አንዱ ክፍል ነው። ትልቁ አደጋ ያለው ከባሩዱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የሚሰፈረው ከሩብ ግራም እምብዛም የማይርቅ፥ የቀለሁንም ከፊል ብቻ የሚሞላ በመኾኑ፥ በስልክ ጥሪ ወይም በልጅ ጨዋታ ሐሳቡ የተከፈለ ሰው በአንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢጨምር አይፈስበትም፤ ሲተኰስ ግን ሽጉጡን ይበታትነዋል። በአንጻሩ ባሩድ የተረሳበት ቀለህ በካፕሱሏ ብቻ አረሩን ገፍቶ በአፈሙዙ ውስጥ ወሽቆት ይቀራል፤ ተኳሹ የድምፁን ማነስ ሳያስተውል ሁለተኛውን ቢተኩስ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው ከጠረጴዛው ላይ ከአንድ የባሩድ ዕቃ በቀር አያኖርም፤ ልኩን ከታተመ የሙያ መጽሐፍ ዝቅተኛ ቁጥር ይጀምራል እንጂ ከጓደኛው አፍ አይቀበልም፤ አረር ከማስቀመጡም በፊት ኀምሳውን ቀለህ በመደርደሪያው ላይ አቁሞ፥ በመብራት ከላይ እያጐነበሰ፥ በያንዳንዱ ውስጥ ያለው የባሩድ ከፍታ አንድ መኾኑን አንድ በአንድ ያያል። በእርሳስ የነካካ እጁንም ሳይታጠብ እንጀራ አይቈርስም።

የ.22 ጥይት ግን በዚህ መንገድ አትሞላም፤ እሳት የሚጭረው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገኝና መምቻው ጠርዙን ስለሚጨፈልቀው፥ አንዴ ከተተኰሰች ነገርዋ አበቃ። ለእርሷ የሚቻለው ከልዩ ልዩ የፋብሪካ ምርት ጥቂት ጥቂት ገዝቶ፥ ሽጉጡን በመያዣ ብረት አስሮ እየተኰሱ፥ የትኛው ምርት ጥይቶቹን አጠጋግቶ እንደሚጥል ከለዩ በኋላ ያንን በብዛት መግዛት ነው።

በቤት በሚሞላው የ.45 ጥይት አረሩ ጫፉ ሹል ያልኾነ፥ ደረቱ ጠርዝ ያለው ኾኖ የሚሠራውም ለነጥብ ቈጠራ ሲባል ነው። ሹል አረር ወረቀቱን ቀዶ ስለሚያልፍ ቀዳዳው ይሸበሸባል፤ ባለ ጠርዙ ግን እንደ ወረቀት መብሻ ክብ ኾኖ ይቈርጣል። ቀዳዳው የከፍተኛውን ክበብ መስመር ከነካ ከፍተኛው ነጥብ ይሰጣልና፥ ንጹሕ ጠርዝ ዘጠኙን ከዐሥሩ ይለያል። በእነዚህ ውድድሮች ልማድ ተወዳዳሪዎች አንዱ የሌላውን ወረቀት ይቈጥራሉ፤ ተቀናቃኝህ ከወረቀትህ ፊት ቆሞ ነጥብህን ሲጽፍልህ አንተ የምታየው በዐይንህ ብቻ ነው፤ በጣት ቀዳዳውን መንካት ክልክል ነው። ክርክር ቢነሣ የሜዳው ኀላፊ ተጠርቶ በልክ የተሠራ መለኪያ ወደ ቀዳዳው ያገባና ጠርዙ መስመሩን መንካት አለመንካቱን ያያል፤ የእርሱ ቃል ከተጻፈ በኋላ ወረቀቱ ተነሥቶ አዲስ ይሰቀላል።