የተንቀሳቃሽ ቤቶች የውሃ መስመር በበረዶ ወራት እንዴት ይጠበቃል?

በሰሜን አሜሪካ በተሽከርካሪ የሚጎተቱ ወይም የራሳቸው ሞተር ያላቸው ተንቀሳቃሽ ቤቶች ከመዝናኛ ባሻገር ለአደጋ ጊዜ መጠለያነትም ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ በ2005 ካትሪና የተሰኘው አውሎ ነፋስ የዩናይትድ ስቴትስን ደቡባዊ ጠረፍ በመታበት ወቅት የአገሪቱ የፌዴራል አስቸኳይ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ ከ100 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ያስጠለለው በእነዚሁ ቤቶች ነበር። የአገሪቱ ተንቀሳቃሽ ቤቶች አብዛኛዎቹ የሚሠሩት ኢንዲያና ግዛት ውስጥ በኤልካርት ከተማና በአካባቢዋ ነው። በተለያዩ ግዛቶች ለተንቀሳቃሽ ክሊኒክነት የሚውሉ ተሽከርካሪዎችም ተመሳሳይ የውሃ መስመር አላቸው።

አንድ ተንቀሳቃሽ ቤት የአንዲት ትንሽ ከተማን የውሃ አገልግሎት በጥቂት ሜትር ርዝመት ውስጥ የያዘ ነው ማለት ይቻላል። የንጹሕ ውሃ ታንከር፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፓምፕ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቧንቧዎች፣ እንዲሁም የእጣቢና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚጠራቀምባቸው ሁለት ታንከሮች ይኖሩታል። ችግሩ የሚመጣው ተሽከርካሪው ሥራ ፈትቶ ያለ ሙቀት በሚቆምባቸው ወራት ነው።

ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙዎች ቧንቧው የሚፈነዳው በረዶው በተጋገረበት ቦታ ላይ ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁንና እየገፋ የሚሄደው በረዶ በእርሱና በተዘጋው የቧንቧ አፍ መካከል የቀረውን ውሃ መውጫ ያሳጣውና ግፊቱን ከቧንቧው አቅም በላይ ያደርሰዋል። ስብራቱም ብዙውን ጊዜ የሚታየው በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ ያን ጊዜ ውሃው ወለሉንና ግድግዳውን አበላሽቶ ይገኛል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ "ክረምት" የዝናብ ወቅት ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ለሚኖሩ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዟል። በዚያው በሚኒሶታ ግዛት ታወር በተባለች ቦታ እ.ኤ.አ የካቲት 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተመዝግቧል። በባሌ የሳነቴ አምባ ሌሊት የሚጋገር ውርጭ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል፤ የሚኒሶታ ብርድ ግን ለሳምንታት ስለማይለቅ በአጋጣሚ መትረፍ የሚቻልበት ዕድል የለም።

በመሆኑም ሥራው የሚጀምረው ከባድ ውርጭ ከመጣሉ አስቀድሞ፣ መስመሩን ከውሃ ባዶ በማድረግ ነው። የንጹሕ ውሃ ታንከሩና ሁለቱ የፍሳሽ ታንከሮች ይራገፋሉ፤ በመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያሉት ማፍሰሻዎች ይከፈታሉ፤ የሙቅም የቀዝቃዛም ቧንቧዎች በሙሉ ክፍት ይደረጋሉ። ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻው ማሞቂያው ነው። የኤሌክትሪክና የጋዝ መስመሩ ተዘግቶ ውሃው እስኪቀዘቅዝና ግፊቱ እስኪወጣ ድረስ የማፍሰሻው ቡሽ መፈታት የለበትም፤ የተጣደፈ ሠራተኛ በፈላ ውሃ ሊቃጠል ይችላል። አብዛኞቹ ማሞቂያዎች 23 ወይም 38 ሊትር ያህል የሚይዙ በመሆናቸው፣ ከተራገፉ በኋላ ውሃው እነርሱን አልፎ እንዲሄድ የሚያስችለው ሳራቺኔስካ ይዞራል። ይህ ካልተደረገ ውድ የሆነው መከላከያ ፈሳሽ ማሞቂያውን በመሙላት ይባክናል።

ቀጣዩ እርምጃ ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው በኮምፕሬሰር ከ2 እስከ 3 ባር በሚደርስ ግፊት አየር ነፍቶ የቀረውን ውሃ ማስወጣት ነው። ርካሽ ቢሆንም በፓምፑ ውስጥና በሲፎኖች የሚቀረውን ውሃ አያጠራም። ሁለተኛውና ይበልጥ አስተማማኝ የሆነው ሐምራዊ ቀለም ያለውን ፀረ ውርጭ ፈሳሽ በፓምፑ እየሳቡ በመስመሩ ማዳረስ ነው። ለመካከለኛ ቤት ከ8 እስከ 11 ሊትር ይበቃል። ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ተከፍተው ሐምራዊው ፈሳሽ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ መጸዳጃውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የውጭ ሻወርም አይታለፉም። በየሲፎኑም ጥቂት ይጨመራል። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ከዜሮ በታች 46 ዲግሪ ቧንቧ እንዳይፈነዳ የሚከላከልበትን ወሰን ያሳያል እንጂ ፈሳሹ ቀደም ብሎ አይጓጉልም ማለት አይደለም። በመስመሩ ከቀረ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል፤ አስቀድሞ ማራገፍ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የፈሳሹ ዓይነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ለመጠጥ ውሃ መስመር የሚፈቀደው ፕሮፒሊን ግላይኮል ሲሆን፣ በመኪና ራዲያተር የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ሁለተኛው ጣፋጭ ጣዕም ያለው፣ ኩላሊትን የሚጎዳና የሚገድል መርዝ ነው። ቀለም አምራቹ እንደፈለገው የሚጨምረው በመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ መነበብ ያለበት መለያው ነው። የእነዚህ ኬሚካሎች መምታታት ያስከተለው ጉዳት በታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ በ1937 በዩናይትድ ስቴትስ በዳይኤቲሊን ግላይኮል የተሟሟ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሎ በቀጣዩ ዓመት የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆኗል። እ.ኤ.አ በ2022 ደግሞ በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት መሞታቸውን ተከትሎ የዓለም ጤና ድርጅት በእነዚህ መርዞች የተበከሉ አራት የሳል ሽሮፖችን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ቅዝቃዜ ብርቅ በሆነባቸው አካባቢዎችም ዝግጅት አለማድረግ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ በየካቲት 2021 በቴክሳስ ግዛት በደረሰው ብርድ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸዋል፤ ቧንቧዎች በየቦታው በመፈንዳታቸውና የውሃ ተቋማት በመስተጓጎላቸው 14 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ውሃ አፍልተው እንዲጠጡ ተነግሯቸዋል።

የበረዶው ወራት ሲያልፍ መስመሩ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠባል። ከዚያም ለ57 ሊትር ውሃ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ተቀላቅሎ በየቧንቧው እንዲደርስ ተደርጎ ለ12 ሰዓት ይቆያል፤ የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋም እንደገና ይታጠባል። ሳራቺኔስካው ወደ ቦታው ተመልሶ ማሞቂያው በውሃ መሞላቱ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ሳይረጋገጥ የኤሌክትሪክ መስመሩ መከፈት የለበትም፤ ባዶውን የተለኮሰ ማሞቂያ ሽቦው በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።