ከሳንባ ናሙና በመርፌ ከተወሰደ በኋላ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በሰው ሳንባ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት በራጅ ሲታይ፥ ሐኪሙ ካንሰር ወይም ነቀርሳ ወይም ሌላ ሕመም መሆኑን ለይቶ ለማወቅ፥ ሲቲ ስካን በተባለው መሣሪያ እየተመራ ቀጭን መርፌ በደረት በኩል አግብቶ ጥቂት ናሙና ይወስዳል። ይህም ባዮፕሲ ይባላል። መርፌው ሲወጣ ግን ጥንቃቄው ያበቃ እንዳይመስለን ያስፈልጋል።

ሳንባና የደረት ግድግዳ በሁለት ስስ ሽፋኖች የተሸፈኑ ናቸው፤ በሽፋኖቹ መካከል አየር አይገኝም። መርፌው የከፈተው ቀዳዳ ቶሎ ካልተደፈነ ግን ከሳንባ የሚያመልጠው አየር ወደዚያ ገብቶ ሳንባውን ያኰማትረዋል። ሐኪሞች ኒውሞቶራክስ የሚሉት ይህ ነው። ከ4 ወይም ከ5 ሰዎች በአንዱ ላይ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ራሱ ይጠፋል፤ ከ20 ሰዎች ለአንዱ ያህል ግን አየሩን በቱቦ ማስወጣት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ችግር የደም መፍሰስ ነው።

ስለዚህ በሽተኛው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ። መርፌው በገባ ጊዜ አይናገር፥ አይሳል፥ አይንቀሳቀስ፤ እስትንፋሱንም እንደ ታዘዘው ይያዝ።

መርፌው ከወጣ በኋላ፥ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ፥ በተወጋበት ጎን ይተኛ። የሰውነት ክብደት ያንን ጎን ስለሚጫነው በቀዳዳው አጠገብ ያሉት የአየር ከረጢቶች ይጠባሉ፥ የሚያመልጠውም አየር ያንሳል፤ ደም ቢፈስም ወደ ጤነኛው ሳንባ እንዳይሻገር ይረዳል። ከዚያም ጥቂት ሰዓቶች በሐኪም ቤት ቆይቶ ራጅ ይነሣል። አየሩ ቀስ በቀስ ሊጠራቀም ስለሚችል፥ «ደኅና ነኝ» ብሎ ራጁን ሳይጠብቅ መሄድ አደገኛ ነው።

ወደ ቤት ሲመለስም በመጀመሪያው ሌሊት ብቻውን እንዳያድር እንመክራለን። ለጥቂት ቀናት ከባድ ዕቃ አያንሣ፤ የተጠራቀመ አየር በከፍታ ላይ ስለሚሰፋ፥ ሐኪሙ ሳይፈቅድለት በአውሮፕላን አይሂድ። ምራቁ ጥቂት ደም ቢነካው የተለመደ ነው፤ ደሙ ከበዛ፥ እስትንፋሱ ካጠረ፥ ወይም ደረቱንና ትከሻውን በድንገት ከወጋው ግን፥ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ብዙ ሰው ሐኪሙንና ቤተ ሰቡን ላለማስቸገር ሲል ሕመሙን ችሎ ዝም ይላል። ትዕግሥት መልካም ነው፤ እስትንፋስ ሲያጥር ዝም ማለት ግን ትዕግሥት አይባልም። በጊዜ የተነገረ አየር በቀላሉ ይወጣል፤ የተደበቀው ግን ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ከታመሙ በኋላ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፥ ይህን ለማያነቡት ወገኖቻችን እንድታስረዱልን አደራ እንላለን።