ስሟም ሥራዋም የራሷ
ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። ታላቋ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ ቴአትር ጻፉ፣ ትምህርት ቤት መሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ታናሿ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም፣ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን አገር አስቀርጸው ገቢውን ለወላጅ አልባ ሕፃናት አዋሉት። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያልነበራት አስናቀች ወርቁ በዚያው ዘመን ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ ወጣች፤ ቴአትርም ሠራች። ከእሷ በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። «አዝማሪ» እየተባለች መሰደቧን ችላ ኖረች።

ስለ ሴት ከያንያን ሲወራ የሚነሣው ድፍረታቸው ነው። ድፍረት ብቻ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። በሙያው ጸንተው የቆዩትን ስመለከት ብዙዎቹ የሚሠሩበትን ቦታ ራሳቸው አቋቁመዋል። ከአዲስ አበባው አርት ስኩል የተመረቀችው የመጀመሪያዋ ሴት ሠዓሊ ደስታ ሐጎስ ናት። ከእሷ በኋላ የመጡት ደግሞ ማሳያ ቦታውን ጭምር ከፈቱ፤ ቆንጂት ስዩም እ.ኤ.አ. በ1996 አስኒ ጋለሪን፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ከውጭ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን። የሌላ ሰው በር ከማንኳኳት ይልቅ ለሌሎች በር የሚከፍቱ ሆኑ።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በአልባሳት ሥራ ነው። በተለመደው የሥራ ክፍፍል ባዘቶውን አዘጋጅታ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማውን የሚሠራው ወንድ። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ ጥበቡ ሲደነቅ የሸማኔው እጅ ይመሰገናል፣ ትርፉ ለነጋዴው ይገባል፣ የፈታይዋን ስም የሚጠይቅ ግን የለም። የዛሬዎቹ ሴት ዲዛይነሮች ይህን ሰንሰለት ገልብጠውታል፦ ንድፉን ያወጣሉ፣ ለሸማኔው ይከፍላሉ፣ በልብሱ ላይ የራሳቸውን ስም ይለጥፋሉ። ቤተልሔም ጥላሁንም ከጎማ የሚሠራውን የበረባሶ ጫማ ሙያ ይዛ ከዘነበወርቅ ሰፈር ተነሥታ ሶልሬብልስን ለዓለም ገበያ አበቃችው።

ሕጉም ረጅም መንገድ መጥቷል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቀድሞ የጋብቻ ድንጋጌዎች መሠረት አንደኛው ተጋቢ «ለቤተሰቡ ጥቅም» ሲል የሌላውን ሥራ መቃወም ይችል ነበር። ድንጋጌው ለሁለቱም ቢጻፍም ዳፋው የሚያርፈው ሚስት ላይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀረ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ነው። አዋጁ የፈጠራ ባለሙያን ይጠብቃል፤ ሆኖም ሥራው በትእዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው። ለሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል የምትሥል ወጣት «ክፍያው ቢያንስም ስምሽ ይታወቅልሻል» ተብላ ሁለት ገጽ ውል ይቀርብላታል። ክፍያውን አይታ ትፈርማለች። መጽሐፉ በድጋሚ ሲታተም፣ ሥዕሉ ቦርሳና ካላንደር ላይ ሲወጣ ምንም አይደርሳትም፤ ውሉ ውስጥ «የሥዕሉ መብት የሠዓሊዋ ሆኖ፣ አሳታሚው ለዚህ እትም ብቻ ይጠቀምበታል» የሚል አንድ መስመር ስላልነበረ። ይህን መስመር ለማስገባት ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም፤ ቀብዱን ከመቀበሏ በፊት መጠየቅ ይበቃል። አርት ስኩሎቻችን ከብሩሽ አያያዝ ጋር ይህን ቢያስተምሩ እወዳለሁ።